ትልቁ ሳህን የማን ነው

ባሌ ቶሜኪቺ መስመር ይስላል፣ እኔ ደግሞ በመስመሩ ውስጥ ቀለም እሞላለሁ። በጃፓኗ የሸክላ ከተማ በአሪታ ሥራ የሚከፈለው እንዲህ ነው። ወንዱ በቀጭኑ ብሩሽ ቅርንጫፉን፣ ወፉን፣ ደመናውን ይነድፍና ወገቡን ይዞ ይነሳል፤ ሴቷ ወፍራሙን ብሩሽ ጨብጣ የቀረውን ሁሉ ትሞላለች። ስሙ ግን የሱ ነው። ሳህኑን ገልብጠህ ከሥሩ ብታየው «ቶሜኪቺ» ይላል እንጂ «ፉሳኤ» አይልም። ይሁን፣ ስም አይበላም። እኔ የተጣላሁት በሚበላው ነው።

ነገሩ የጀመረው ልጃችን ሴይጎ «ሚስት አገኘሁ» ብሎ የመጣ ጊዜ ነው። ወደ አርባው እየተጠጋ ስለነበር እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ልጄ ስለሆነ አይደለም፣ ጥሩ ሰው ነው፤ ጭቃውን የሚያዞረው፣ እቶኑን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ እጁ የተባረከ ነው። ሰውነቱ ግን ሸምበቆ ነው፣ ሆዱም የወፍ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ሳህን ሩዝ ጨርሶ አያውቅም። አባቱ ደግሞ «ወንድ በወንድ ሳህን ነው የሚበላ!» እያለ ይከምርለታል። ልጁ ግማሹ ላይ ሲደርስ ፊቱ ይገረጣል፣ የመብያ እንጨቶቹን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ያን ጊዜ «ሩዝ የሚያስተርፍ ሰው ዓይኑ ይጠፋል!» የሚለው ስብከት ይጀመራል። ስንቱን ምሳ በዚህ አረርን!

ያመጣት ልጅ ቺዙሩ ትባላለች። ከባሕር ጠረፏ ከካራትሱ የመጣች የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፣ ሥራዋም የጭነት መኪና መንዳት። ካርቶኖቻችንን ወደ ፉኩኦካ ከተማ ነጋዴዎች የምታደርሰው እሷ ነበረች። ሴይጎ አንድ ካርቶን አቅፎ እያለከለከ ሲወጣ እሷ ሁለቱን በአንድ ትከሻ አድርጋ «አንተ ዕረፍ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ትለዋለች። ፍቅራቸው እዚያው መጫኛው ላይ ነው የተጀመረው፤ የት ሌላ ይጀመራል።

ለትውውቅ የመጣች ቀን የተጠበሰ ዓሣ፣ ሾርባ፣ በጨው የተቀመጠ አትክልት አቀረብኩ፣ ሩዙን በእንግዳ ሳህን አደረግሁላት። በላች። ሳህኑን በሁለት እጇ ዘርግታ «ይቅርታ እማማ፣ ይጨመርልኝ» አለች። ጨመርኩላት። በላች። እንደገና ዘረጋች። ሦስተኛው ላይ ባሌ መብላቱን ትቶ እሷን ያይ ጀመር። አራተኛውን ስታነሳ የሩዝ መጠጡን፣ ሳኬውን፣ ጭልጥ አደረገና ቅንድቡን ወደ እኔ ሰቀለ። እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ሰው ሲበላ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! እኔ ባበሰልኩት አንጀቱ የራሰ ሰው በዚያ ቤት የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

በኛ ቤት አንድ ወግ አለ። ልጅ ሲያገባ አባት በገዛ እጁ የባልና የሚስት የሩዝ ሳህን ይሠራል። ትልቁ የባል፣ ትንሹ የሚስት። በሁለቱም ላይ የፕሪም ዛፍ ቅርንጫፍ ከነአበባው ይሳላል፤ የባል አበባ ሰማያዊ፣ የሚስት አበባ ቀይ ይሆናል። ሙሽሮቹ ከሠርጉ ማግስት ጠዋት በዚያ ይበላሉ፣ እስኪሞቱም በዚያው። የኔንም የሠራው የባሌ አባት ነው ሲባል ሰምተህ ይሆናል፤ ውሸት ነው። ሽማግሌው ያን ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የሠራልኝ ባሌ ራሱ ነው። መዳፌ ላይ ቁጭ የምትል ሚጢጢ ነገር። ባየኋት ጊዜ «እንዴት ታምራለች!» ብዬ አልቅሻለሁ። ሞኝ ነበርኩ፣ ገና ልጅ ነኛ።

እንግዲህ ያን ቀን ምግቡ ሲነሳ ባሌ ስለ ሳህኖቹ ወግ ለቺዙሩ ነገራት፣ ደረቱን ነፍቶ። እሷ በጥሞና ሰማችው። ከዚያ በጉልበቷ ወደፊት ተጠግታ፣ ሁለት እጇን ምንጣፉ ላይ አድርጋ አጎነበሰች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«ምን ቸገረሽ፣ ተናገሪ።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ስይዝ፣ ካርቶን ስሸከም ነው የምውለው። እንዳዩኝም እበላለሁ፣ አልደብቅም። በትንሿ ሳህን ከሆነ ስነሳ ስቀመጥ ልውል ነው፤ ያሳፍረኛል። የኔንም እንደ ሴይጎ ትልቅ ያድርጉልኝ። እምቢ ካሉም እምቢ ይበሉኝ። በትንሿም እበላለሁ፣ አልሞትም። ብቻ አይዋሹኝ። በፊት ያጨኝ ሰው ውሸታም ነበር፣ ከሱ ጋር ያጠፋሁት ጊዜ ይበቃኛል። ከእንግዲህ በሚዋሸኝ ቤት አንድ ቀን አላድርም።»

ሴይጎም፣ አፍ የለውም የምለው ልጄ፣ ቀና ብሎ «እሷ ከሄደች እኔም አብሬ ነኝ፣ አባዬ» አለ። «አጎቷ ፉኩኦካ የጭነት ድርጅት አለው። ሥራ ይሰጠኛል።»

እኔ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰብኝ መሰለኝ። ያለን አንድ ልጅ ነው። እሱ ከሄደ ጭቃውን ቀን ከቀን የሚያዞር የለም፣ እቶኑም ይበርዳል፣ ቤቱም ያበቃለታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጄን አጣዋለሁ፤ እቶኑስ ሸክላ ነው። ባሌ ጺሙን እያሻሸ «አስብበታለሁ» አለ። በኛ አገር ሽማግሌ «አስብበታለሁ» ካለ አላስብበትም ማለቱ ነው፤ ልጅቷ ግን የባሕር ጠረፍ ልጅ ናት፣ ቃሉን አምና አመሰገነች።

አሁን የባሌን ጉድ ስማ።

ሳህኖቹን የጀመራቸው ገና መተጫጨታቸውን እንደሰማ ነበር። ትልቁ እቶን ውስጥ ተተኩሶ በደህና ወጣ፤ ነጭ፣ የሚያበራ፣ ቅርንጫፉ በሰማያዊ መስመር የተሳለበት፣ አበቦቹ ገና ባዶ። ትንሹ ግን እሳት ውስጥ ተሰነጠቀ። ስለዚህ ሌላ ተሠራና ጥሬው መደርደሪያው ላይ ይደርቅ ነበር። ሴይጎ ጥርሱን ሊያስነቅል ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ኢማሪ በሄደበት ቀን ቺዙሩ ካርቶን ልትጭን መጣች። ባሌ በጣቱ ጠራት።

«ነይ እስቲ፣ ያንቺን ሳህን እይ።»

የተተኮሰውን ትልቁን ሳህን ከጥሬው ትንሽ ሳህን ጎን አስቀመጠላት። «ተመልከቺ» አላት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በአንድ ዓይኗ ለካች፣ በጣቷ ሰፈረች፣ ከዚያ እጇን አጨበጨበች።

«አባባ! የኔው እንዲያውም ይበልጣል!»

«ለልጄ ሚስት ምን ይሰሰታል» አለ። አያፍርም! አያፍርም እኮ!

የኛ ነጭ ሸክላ እሳት ሲገባ ይሰበሰባል። ጥሬ ሆኖ ሰፊ የነበረው ተተኩሶ ሲወጣ በአውራ ጣት ውፍረት ያህል ጠቦ ነው የሚወጣው። አሪታ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ የራሳችንን ስም ሳንለይ ይህን እናውቃለን። ያ ጥሬ ሳህን ነገ ከእሳት ሲወጣ ያው ትንሿ የሚስት ሳህን ናት። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ዓሣ ሲጠበስ ይጠባል ቢሏት ታምናለች፤ ስለ ሸክላ ግን ማን ነግሯት።

እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ቀለም እየፈጨሁ ነበር። ብናገር ባሌን በምራቱ ፊት አዋረድኩት፣ እሷም «ዋሹኝ» ብላ ትሄዳለች። ዝም ብል ሳህኑ ሲወጣ ታየዋለች፣ ያኔም ትሄዳለች። በየትም ዞረህ በየት ልጄ ፉኩኦካ ነው። ልጅቷ እየዘፈነች ካርቶኖቿን ጭና ሄደች። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቅሁና ተነሳሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?»

«ምን አደረግሁ? እኩል ነው ብዬ ምዬ ነው? ተመልከቺ ነው ያልኳት። አየች።»

«ሲወጣ ስታየውስ?»

«መቼ ታየውና! ከሠርጉ በኋላ ነው የሚወጣላት። ያን ጊዜ ሚስት ሆና ገብታለች። ሚስት ከሆነች በኋላ ደግሞ ማን በሳህን ምክንያት ቤቱን ጥሎ ይሄዳል? አንቺ ሄድሽ?»

ይህን ሲለኝ ደሜ ፈላ። አንቺ ሄድሽ? ሰውዬው ይህን ያለው በክፋት አይደለም፣ ይህንስ ልመስክርለት። ስለማያውቅ ነው። ሴቷ በዚያች ሚጢጢ ሳህን ትበላለች፤ አንዴ ልትጨምር ስትነሳ አማቷ ያያታል፣ ባሏ «ሾርባ» ይላታል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ተመልሳ ስትቀመጥ ሰው ሁሉ ጨርሷል። ትነሳና ገበታ ታነሳለች። ከዚያ ወጥ ቤት ቆማ የድስቱን ቂጥ እየፋቀች ያረረውን ትበላለች። እኔ ይህን አርባ ዓመት አድርጌዋለሁ። ባሌ ደግሞ ለሰው ሁሉ «የኔ ሚስት እንደ ወፍ ነው የምትበላው፣ ወጪ የላትም» እያለ ይኩራራብኛል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

«የሚያመጣውን አንተ ታየዋለህ» አልኩና ወደ ቀለሜ ተመለስኩ።

«ምን ያመጣል፣ ሳህን ነው» አለ።

ትንሹ ሳህን ተስሎ፣ ልባሱን፣ ያን የሚያበራ ሽፋን፣ ለብሶ ተተኮሰ። እንዳልኩትም ጠቦ ወጣ። አሁን ሁለቱ ሳህኖች የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ የሁለቱም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት፣ የሁለቱም አበባ ባዶ። የቀረው የኔ ሥራ ነው። ከልባሱ በላይ ቀለሙን ሞልቼ፣ በትንሿ የቀለም እቶን እንደገና አስገብቼ ማውጣት። ቀዩን ፈጨሁ፣ ሰማያዊውን ፈጨሁ። ብሩሹን ቀዩ ውስጥ ነክሬ ትንሹን ሳህን በግራ እጄ አነሳሁ፣ እንደ ልማዴ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

ቆይ እንጂ፣ አልኩ ለራሴ። ይህ ሳህን አሁን የማን ነው? የማንም አይደለም። ሰማያዊ ብሞላው የባል፣ ቀይ ብሞላው የሚስት ነው የሚሆነው። ይህን የሚያደርገው ማን ነው? እሱ መስመሩን ስሎ ወገቡን ይዞ ሄዷል። እኔ ነኛ! በዚህ ቤት ስንቱን የሚስት ሳህን የሚስት ያደረግሁት በገዛ እጄ እኔው ነኝ! ወይ ፉሳኤ፣ አልኩ፣ አንቺ ሞኝ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?

ትንሹን አስቀመጥኩትና ትልቁን አነሳሁት። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽህም። የመጀመሪያዋን አበባ ቀይ ሞላኋት። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ትልቁ ሳህን ዙሪያውን ቀይ በቀይ ሆነ። ትንሹን ሰማያዊ ሞላሁት። እንደዚያ አሳምሬ ሞልቼ አላውቅም።

ቀለሙ እሳት እስኪያየው ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይጠፋል። እሳት ካየው ግን አበቃ፣ የፈጠረው ንጉሥ ቢመጣም አያስለቅቀውም። ስለዚህ እየቸኮልኩ ወደ ቀለም እቶኑ ተሸክሜ ስደረድር ከኋላዬ እግር ሰማሁ። ባሌ ነው። በሕይወቱ የኔን ሥራ ሊያይ መጥቶ አያውቅም፣ ዛሬ ምን ነክቶት!

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«የልጅቷንም?»

«የልጅቷን እንዲያውም በደንብ።»

አንገቱን እቶኑ ውስጥ አስገባ። ዓይኑን አጨናበሰ፣ ግንባሩን ዳበሰ፤ መነጽሩን መሳያው ጠረጴዛ ላይ ትቶት መጥቷል። እሱ ያለ መነጽር እኔንም ከጎረቤት ሴት አይለየኝም። ትልቁን ሳህን ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አየው።

«ምን ዓይነት ሥርዓት ነው ይሄ? የባል ሳህን ከሥር ይቀመጣል?»

ብሎ ሳህኑን ከሥር መቀመጫው ላይ ይዞ፣ እንደ ባለሙያ አንዲት አበባ ሳይነካ፣ አንስቶ ከላይኛው መደርደሪያ መሃል ላይ በክብር አስቀመጠው። «እንዲህ ነው» አለኝ። «እሺ» አልኩት። በሩን ዘጋሁና እሳቱን ለቀቅሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አፌን በማደግደጊያዬ ይዤ ሳቅሁ። ስስቅ እንባዬ መጣ። ብቻ ምን እንዳሳቀኝና ምን እንዳስለቀሰኝ ለይቼ ልነግርህ አልችልም።

እቶኑ በሚከፈትበት ቀን ቺዙሩን ማን ጠራት? እኔ ነኝ። በስልክ «ነይ፣ ሳህናችሁ ሲወጣ አብረን እንይ» አልኳት። መኪናዋ ደጃፍ ላይ ሲቆም ባሌ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ትን አለው።

«ማን ጠራት?»

«እኔ።»

«አንቺ ሴትዮ! ታጠፊኛለሽ!»

ቺዙሩ ገባች። የዘወትር ሳቋ የለም። ሰላም አለችን፣ አጎነበሰች፣ ከሴይጎ አጠገብ ቆመች። ባሌ ዓይኑ ተቅበዘበዘ። «እሳቱ ገና አልበረደም፤ ነገ ቢሆን…» አለ። ሴይጎ መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ «በርዷል እኮ አባዬ» አለ። «ውስጡ አይታወቅም፤ አየሩም ጥሩ አይደለም፤ ወገቤንም…» አለ አባቱ። ሴይጎ በሩን ያዘ። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ከለከለው። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። ከዚያ፣ እግዜር ያሳይህ፣ ወደ ልጅቷ ዞሮ ያ ኩሩ አንገቱን ሰበረ።

«ቺዙሩ፣ ልጄ… አንድ ነገር አለ። ሸክላ ማለት… የኛ ሸክላ፣ እሳት ሲገባ…»

ተናዞ ሊጨርስ ነው! እኔ አርባ ዓመት ስኖር ሲናዘዝ አይቼው አላውቅም። አንጀቴን በላው፣ አልክድህም። ሴይጎ ግን የአባቱን ወሬ ማን ይሰማል፣ በሩን ከፈተው፤ እጁን ከላይኛው መደርደሪያ ሰደደና ትልቁን ሳህን ይዞ ወጣ። ቀይ አበባ። ዙሪያውን ቀይ። ያበራ ነበር።

ባሌ መነጽሩን ከአፍንጫው አውርዶ በልብሱ ወልውሎ መልሶ አደረገው። አበባው ያው ቀይ ነው።

ቺዙሩ እቶኑ ውስጥ የቀረውን ትንሹን ሰማያዊ ሳህን አየችና ትልቁን ተቀበለችው። በሁለት እጇ አገላበጠችው፣ መዘነችው፣ ደረቷ ላይ አስጠጋችውና ያቺ ሁለት ካርቶን በአንድ ትከሻ የምትሸከም ሴት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ! መጫኛው ላይ አንድ ሰው ሸክላ እሳት ውስጥ ይጠባል፣ አታለውሻል አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሻንጣዬን መኪናው ላይ ጭኜ ነው የመጣሁት። ዋሽተውኝ ቢሆን ኖሮ ከዚሁ ልነዳ ነበር። እርስዎ ግን ከሴይጎም አስበለጡልኝ! እንዴት ብዬ ጠረጠርኩዎት!»

ከወገቧ እስክትታጠፍ አጎነበሰች። ባሌ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ለልጄ… ለልጄ ሚስት…» አለና የተገለበጠ ሳጥን ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ሴይጎ ትንሹን ሰማያዊ ሳህን አውጥቶ በእጁ ያዟዙረው ነበር። የሸክላ ልጅ ነው፣ ምን እንደተደረገ ገብቶታል። ወደ እኔ ዞረ፣ ጆሮው ቀላ።

የዚያን ቀን ማምሻውን ባሌ «አዋረድሽኝ» አለኝ።

«አወጣሁህ እንጂ» አልኩት። «ደግሞስ ከላይ በክብር ያስቀመጥከው አንተ አይደለህ?»

እስከ ሠርጉ ድረስ አላናገረኝም። እኔም አልናፈቀኝ።

ሠርጉ በደህና አለፈ፣ ዘመድ ሁሉ ጠጥቶ ዘፍኖ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አራታችን እንደ አንድ ቤተሰብ ገበታ ቀረብን። የተጠበሰ ዓሣ፣ የሞቀ ሾርባ፣ ገና የወጣ ነጭ ሩዝ። ቺዙሩ ቀይ አበባውን ሳህን ከምራ በላች፣ አንዴ በቃት፣ ደስ ብሏት ተቀመጠች። ባሌ ግን እሷን አያይም ነበር። ልጁን ነው የሚያየው፤ በዚያች ትንሽ ሳህን የሚበላ ወንድ ልጁን። ፊቱ ኮምጣጤ የጠጣ ይመስላል። እኔም ፈራሁ፣ አሁን አንድ ክፉ ቃል ይወጣዋል ብዬ።

ሴይጎ ቀስ ብሎ በላ። የመጨረሻዋን ፍሬ ከሳህኑ ቂጥ ለቅሞ በላ። ሳህኑን አየው። ከዚያ በሁለት እጁ ወደ ሚስቱ ዘረጋና፣

«ይጨመርልኝ» አለ።

የባሌ እንጨቶች አየር ላይ ቆሙ። ሴይጎ ከተወለደ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምተን አናውቅም። ቺዙሩ ምን እንደሰማች አታውቅምና «እሺ» ብላ ሞላችለት። እሱም በላ። ሁለተኛውንም ጨረሰው! ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ስብከት፣ ልጁ መብላት ጠልቶ አልነበረም፤ ተራራ ከፊቱ ሲቆም ገና ሳይጀምር እየተሸነፈ ነው እንጂ።

ባሌ ፊቱን ወደ ሾርባው ደፋ። «ይሄ ሾርባ እንፋሎቱ ዓይን ያጠፋል» አለ። ሾርባው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። በእጅጌው ዓይኑን ጠራረገ። ቀና ሲል ያየው የኔን ሳህን ነው፤ መዳፌ ላይ የተቀመጠችውን፣ ከተጨረሰች የቆየችውን።

«አንቺስ?» አለ።

«እኔ ምን?»

«አንቺ… በዚያች ትጠግቢያለሽ?»

ምን ልበለው? በልጆቹ ፊት ነው። አዎ ብዬ ላልፈው ነበር፤ አፌ ለምዶታል። ግን አልወጣልኝም።

«ጠግቤ አላውቅም» አልኩት።

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳህኑን የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ? ምን ያህል እንደሚይዝ ካንተ የበለጠ ማን ያውቃል?»

ሴይጎ አንገቱን ደፋ። ባሌ ተነሳ፤ ተቆጥቶ ሊወጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወደ ሩዙ ድስት ሄደ። የእንጨት ጭልፋውን አነሳ። ያ ሰውዬ በሕይወቱ ጭልፋ ጨብጦ አያውቅም፤ መጀመሪያ ውሃ እንደሚነከር እንኳ የነገረው የለም። ሩዙ ጭልፋው ላይ ተጣበቀ፤ አራገፈው፣ እጅጌው ላይ ተጣበቀ። ታግሎ ታግሎ አንድ ጭልፋ ሳህኔ ላይ ጣለና ድስቱን ሊከድን እጁን ዘረጋ።

«አባባ!» ጮኸች ቺዙሩ። «አንድ ጭልፋ ብቻ የሚቀርበው ለሙታን ነው!»

«ገና አልሞትኩም፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩ እኔም።

ደንግጦ ሁለተኛውን ጨመረ። ሳህኗ ግን ከመጀመሪያው ሞልታለች፤ ሩዙ ተንዶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ተናደ። ሽማግሌው ሳህኗን ወደ ብርሃኑ አንስቶ ውስጧን አየ፣ ከሥር ገልብጦ የራሱን ስም አየ፣ ቱግ አለ።

«ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሳህን ናት? ምንም አትይዝም እኮ!»

ሴይጎና ቺዙሩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ምንጣፉ ላይ ተደፉ። እኔ አልሳቅሁም። ባሌ የራሱን ትልቅ ሳህን አንስቶ አለቀለቀው፣ በደንብም አላለቀለቀውም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጭልፋ ሞላበትና በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ አኖረው። ሾርባ የሚል አልነበረም፣ ተነሺ የሚል አልነበረም። እስከ ቂጡ በላሁት፤ እሱም ያቺን ሚጢጢ ሳህን እንደያዘ እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ተቀምጦ ጠበቀኝ።